«እማዬ ካንሰር እንደያዛት አታውቅም»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ትልቁ አንጀቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆነች። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ያናገረው እኔንና ታላቅ ወንድሜን ነው። ካንሰር ነው፣ ደረጃ ሦስት ነው፣ አጠገቡ ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ግን አልሄደም አለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬሞቴራፒ ትጀምራለች፤ ስድስት ወር ይፈጃል ተብሏል። እሷ ግን ምንም አታውቅም። ‹አንጀትሽ ቆስሎ ነበር፣ የሚሰጥሽ ቁስሉን የሚያደርቅ መድኃኒት ነው› ብለናታል። ታናሽ እህቷ ‹ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብናለች፣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል› ብላ አስምላናለች። ወንድሜ ደግሞ ኬሞ ሰው ይገድላል ባይ ነው፤ መጀመሪያ ቅጠላ ቅጠል ይሞከር ይላል። ባለፈው ማታ ለብቻችን ሆነን እማዬ ‹ይሄ ቁስል የምትሉት ነገር ስንት ወር ነው የሚታከመው?› አለችኝ። ‹ትንሽ ነው የቀረው› ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ምን ልበላት? ኬሞውስ እውነት ይገድላታል?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣

እስቲ እናትሽ የጠየቁሽን ጥያቄ ደግመሽ አንብቢው። «ይሄ ቁስል የምትሉት ነገር» ነው ያሉት። «ቁስሌ» አላሉም። ምንም ያልጠረጠረ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ሆዳቸው ተከፍቶ አንጀታቸው ተቆርጧል። ሐኪሙ እሳቸውን ትቶ ልጆቻቸውን ጠርቶ ሲያናግር ሳያዩ አልቀሩም። እሳቸው ሲገቡ ወሬ ሲቋረጥ፣ ስልክ ሲደወል ሰው ወደ ውጭ ሲወጣ ያስተውላሉ። 58 ዓመት የኖረ ሰው ይሄን ሁሉ አይቶ አይገባውም ማለት ዘበት ነው። እኔ እንደምገምተው እናትሽ ከጠቅላላው ቤተሰብ አንቺን መርጠው፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ጠብቀው፣ በሩን በትንሹ ከፈት አድርገውልሻል። ተነስተሽ መውጣትሽ አይገርምም፤ ብዙ ልጅ የሚያደርገው ያንኑ ነው። ደግነቱ ሰው አንዴ የጠየቀውን ነገር ደግሞ ይጠይቃል።

ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። እናትሽ ሊነገራቸው ይገባል፤ ኬሞው ከመጀመሩም በፊት ነው መሆን ያለበት። ይሄን የምለው እውነት መናገር መልካም ሥነ ምግባር ነው ለማለት ብቻ አይደለም። ኬሞቴራፒ ታካሚው ሳያውቅ በደህና ሊሰጥ የማይችል ሕክምና ስለሆነ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ፤ በዚያውም የወንድምሽን ፍርሃት እንነካካለን።

ካንሰርን ለማከም ያሉት መንገዶች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዕጢው ያለበትን ቦታ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ቀዶ ሕክምናና ጨረር እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በደም አማካይነት መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ነው፤ ኬሞቴራፒ፣ የሆርሞን ሕክምና፣ የካንሰሩን የተለየ ባሕርይ ዒላማ የሚያደርጉ አዳዲስ መድኃኒቶች፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀሰቅሰው ኢሚዩኖቴራፒ። የትኛው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ካንሰሩ ከየት እንደተነሳ፣ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ የት ድረስ እንደሄደና የታካሚው አቅም ነው። ስለዚህ «የእገሌ እናት እኮ ክኒን ብቻ ነው የተሰጣት» የሚል ወሬ ስትሰሚ አትደናገጪ። የጡት ካንሰርና የአንጀት ካንሰር ስማቸው እንጂ ሕክምናቸው አንድ አይደለም።

«ዕጢው ወጥቶ የለ እንዴ፣ ኬሞ ለምን አስፈለገ?» ይል ይሆናል ወንድምሽ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደረጃ ሦስት ማለት ካንሰሩ ከአንጀት አልፎ አጠገቡ ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ ተገኝቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ከነንፍፊቶቹ ቆርጦ አውጥቷል። ነገር ግን አንዴ ንፍፊት የደረሰ ካንሰር ጥቂት ሴሎች ወደ ደም አምልጠውት ሊሆን ይችላል። በሲቲ ስካን አይታዩም፣ በእጅ አይዳሰሱም። አረሙ ተነቅሎ መሬት ውስጥ የቀረ ዘር በያቸው። ኬሞው የሚሰጠው እነሱን ለማጥፋትና በሽታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ለመቀነስ ነው። ይሄን ልብ በይ፦ የእናትሽ ሕክምና ግቡ ማዳን ነው። ጊዜ ለማራዘም ወይም ስቃይ ለመቀነስ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ይድናሉ ብሎ የሚፈርምልሽ ሰው የለም። ግን ቤታችሁ ውስጥ ያለው ሐዘን ከተነገራችሁ ውጤት ጋር አይመጣጠንም። ለሞት ዜና የሚሆን ምስጢር ነው የያዛችሁት።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ኬሞ ይገድላል የሚለው ከምንም ተነስቶ አይደለም። መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው። የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ነው፤ ካንሰርም አንዱ ባሕርይው ያለ ልጓም መባዛቱ ነው። ችግሩ፣ ጤነኛ ሆነው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችም አሉን፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚመረትበት መቅኔ። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ማስቀመጥና ማቅለሽለሽ የሚመጣው፣ ደም የሚያንሰው በዚህ ነው። ጤነኛው ሴል ግን ጊዜ ካገኘ ያገግማል። ኬሞ በዙር የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ይሰጣል፣ ሰውነት እንዲያርፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፣ ደም ይመረመራል፣ ደሙ ከበቃ ቀጣዩ ዙር ይሰጣል፣ ካልበቃ ይቆያል። ወንድምሽ «ዝም ብለው መርዝ ይጨምሩባታል» ብሎ ካሰበ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ያለውን የደም ምርመራ አስረጂው። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

የእናትሽን ፋይል አላየሁትም፤ ለዚህ ደረጃ የአንጀት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ግን ኦክሳሊፕላቲን የሚባል መድኃኒት ያለበት ጥምር ነው። እሱ ከሆነ ሁለት ነገር ቀድመሽ እወቂ። አንደኛ፣ ፀጉር ይሳሳል እንጂ እንደ አንዳንዶቹ ኬሞዎች ሙልጭ አድርጎ የማርገፍ ነገር ብዙም የለውም። «ኬሞ» በተባለ ቁጥር መላጣ ራስ ለሚታየው ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለተኛ፣ ከቅዝቃዜ ጋር አይስማማም። መድኃኒቱን በወሰዱ ቀናት ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ሲነኩ ጣታቸውን መርፌ የወጋቸው ያህል ይሰማቸዋል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ጉሮሯቸው የተዘጋ ሊመስላቸው ይችላል፤ በጣም ያስደነግጣል፣ ግን ያልፋል። ውኃውን ለብ አድርጎ መስጠት፣ ጓንትና ካልሲ ማድረግ ይረዳል። ዙሩ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ እጅና እግራቸው መደንዘዝ ሊጀምር ይችላል። ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው ወይም ጫማ ሲያደርጉ እግራቸው ካልተሰማቸው ለሐኪሙ መናገር የግድ ነው። ነርቩ ሳይጎዳ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቆማል።

አየሽው ነገሩን? መጠኑ የሚስተካከለው እናትሽ በሚናገሩት ነው። «ቁስል ማድረቂያ» የሚወስድ ሰው የእጅ መደንዘዝ ከመድኃኒቱ ጋር ይያያዛል ብሎ አያስብም። ልጆቹን ላለማስቸገር ዝም ይላል።

ትኩሳት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ሰውነት ተላላፊ በሽታ የሚዋጋው በእነሱ ነው። በዚያን ጊዜ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ትኩሳት ከመጣ ድንገተኛ ነው። ነገ ጠዋት እናየዋለን አይባልም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ተደውሎ ይኬዳል። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛትም አይሆንም፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ሥሩን አይነካውም። በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ከዘገየ ግን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ወንድምሽ «ኬሞ ገደላት» ሲባል የሰማው ታሪክ ካለ፣ አንዳንዱ እንዲህ ያለ ትኩሳት ችላ ተብሎ ሊሆን ይችላል። አሁን እናትሽን አስቢያቸው። ሌሊት ብርድ ብርድ ይላቸዋል። የሚወስዱት ቁስል ማድረቂያ ነው። ልጄን ከእንቅልፏ ልቀስቅሳት ይላሉ? አይሉም። ብርድ ልብስ ደርበው ይተኛሉ።

ምስጢሩና ኬሞው አንድ ቤት ውስጥ አብረው አይኖሩም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ደግሞስ እስከ መቼ ሊደበቅ? ኬሞ የሚሰጠው የካንሰር ክፍል ውስጥ ነው። እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክንዳቸው ላይ ካኑላ ተተክሎ ለሰዓታት ይቆያሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ወሬ ይጀምራሉ። «የእኔ ጡት ላይ ነው፣ የእርስዎስ የት ነው?» ይሏቸዋል። ከማያውቁት ሰው፣ ያውም መርፌ ክንዳቸው ላይ ተሰክቶ፣ ማንም ልጅ አጠገባቸው ሳይኖር መስማት ነው እንግዲህ ያ። ከዚያ በኋላ «ሁሉም ያውቁ ነበር» የሚለው ሐዘን ከካንሰሩ ወሬ በላይ ሊከብዳቸው ይችላል።

የአክስትሽን ፍርሃት ግን አልንቀውም። ሐኪሞችም ራሳቸው ለረጅም ጊዜ እንደ እሳቸው ያስቡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በአሜሪካ ቺካጎ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶዎቹ ለታካሚ ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። ያው ጥያቄ በ1979 ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን እንመርጣለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። አንዱ ምክንያት በመሃሉ የሚሰጥ ሕክምና መብዛቱ ይመስለኛል። ምንም ማድረግ የማይችል ሐኪም ዝም ቢል ይገባኛል። ለእናትሽ ግን የሚደረግ ነገር አለ፤ ያውም ብዙ። እውነቱን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ጥቂት ቀን ምግብ ላይበሉ ይችላሉ። ይሄ ሐዘን ነው፤ ሞት አይደለም።

መሐላውን በተመለከተ፣ ከአክስትሽ ጀርባ ሄደሽ እንድትነግሪያቸው አልመክርሽም። ቤተሰብ በዚህ ሰዓት የሚያስፈልገው ጠብ አይደለም። መጀመሪያ አክስትሽንና ወንድምሽን አስቀምጫቸው። ስለ መብትና ግዴታ አትከራከሪ፤ ትኩሳቱን ንገሪያቸው። «ሌሊት ቢያተኩሳት እንዴት ነው የምናውቀው?» በያቸው። ካልተስማሙ ሐኪሙን አንድ ላይ አናግሩት። እውነት ለመናገር ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ውጤቱን መናገር የነበረበት ለታካሚዋ ነበር፤ ለእናትሽ። ማን አብሯቸው እንዲሰማ እንደሚፈልጉም እሳቸው ነበሩ የሚመርጡት። አሁንም አልመሸም። ከፈለጋችሁ እሱ ይንገራቸው፣ አንቺ አጠገባቸው ተቀመጪ።

አንቺ የምትነግሪያቸው ከሆነ ደግሞ «መንገር» የሚለውን ሐሳብ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው። ከመጠየቅ ጀምሪ። የካንሰር ሐኪሞች ከባድ ዜና ሲያቀርቡ የሚከተሉት ሥርዓት አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ታካሚው ምን እንደሚያውቅ፣ ቀጥሎ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ዜናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለልጅም ይሠራል። ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ስልክሽን ከአጠገብሽ አርቂ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎናቸው ተቀመጪ። ከዚያ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦

«እማዬ፣ ያን ቀን ስትጠይቂኝ ተነስቼ ወጣሁ። አንቺ ራስሽ ስለ ሕመምሽ ምን እያሰብሽ ነው?»

ከዚያ ዝም በይ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚቸገረው። አምስት ሰከንድ ዝምታ አምስት ደቂቃ ይመስላል፤ ሰው ቶሎ ብሎ በወሬ ይሞላዋል። አትሙዪው። ምናልባት «ያ ክፉ በሽታ ነው አይደል?» ይሉሻል። ስሙን ራሳቸው ካነሱት ግማሹን መንገድ ሄደዋል ማለት ነው። «አዎ እማዬ፣ ካንሰር ነው» በይ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ እንደገና ዝም። ስለ ደረጃው፣ ስለ ንፍፊቱ፣ ስለ መድኃኒቱ ስም አትደርድሪ፤ ሰው ያን ቃል ከሰማ በኋላ የሚመጣውን አብዛኛውን አይሰማም። ሲያለቅሱ አልቅሺ፤ እጃቸውን ያዢ። ትንሽ ሲረጋጉ «ዕጢው ወጥቷል። የቀረ ነገር ካለ እንዲያጠፋ ነው መድኃኒቱ የሚሰጥሽ። ሐኪሙ የሚያክምሽ እንድትድኚ ብሎ ነው» በይ። ለመጀመሪያው ቀን ይሄ ይበቃል። የቀረው በሌላ ቀን፣ በጠየቁ መጠን።

«እሞታለሁ ወይ?» ካሉሽስ? በዚህ ጥያቄ የማይርድ ልጅ የለም። «ምን ነው እማዬ፣ እንዲህ አይባልም!» ብለሽ አፋቸውን አትዝጊ። ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ጠይቂ። «ምንድን ነው በጣም የሚያስፈራሽ?» አንዳንዷ እናት የምትፈራው ሕመሙን ነው፤ አንዷ ልጆቿን ማስቸገሯን፤ አንዷ ያላገባ ልጇን። መልሱ እንደ ፍርሃቱ ይለያያል። ከዚያ የምታውቂውን ንገሪያቸው፤ ለመዳን እየታከሙ እንደሆነ፣ ዋስትና ግን ማንም ሊሰጥ እንደማይችል፣ ምንም ይምጣ ምን አንቺ እንደማትለያቸው። ሕመሙን ለሚፈሩ ሰዎች ደግሞ ይሄም ይነገር፦ ካንሰር ያለበት ሰው የግድ ይሰቃያል የሚባል ነገር የለም። ኃይለኛ ሕመም ቢመጣ እንኳን ሞርፊንን ጨምሮ በሐኪም ክትትል የሚሰጡ ማስታገሻዎች አሉ። ሕመምና ማቅለሽለሽ የሚያክሙ ባለሙያዎችም የሚጠሩት ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣ አንድ ጥናት እንዲያውም ወደ ሌላ አካል የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ እንክብካቤ ከመጀመሪያው ሲያገኙ ኑሯቸው እንደተሻለ፣ ረዘም ላለ ጊዜም እንደኖሩ አሳይቷል።

ሌላም ሊያጋጥም የሚችል ነገር አለ። «እኔ ማወቅ አልፈልግም፣ እናንተ ከሐኪሙ ጋር ጨርሱ» ይሉ ይሆናል። ይሄም መብታቸው ነው። አታስገድጂያቸው። ልዩነቱ አሁን የመረጡት እሳቸው መሆናቸው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ያኔም ቢሆን መድኃኒቱ ከባድ እንደሆነና ትኩሳት ከተሰማቸው በዚያው ቅጽበት መናገር እንዳለባቸው ማወቅ አለባቸው። ውሸት ግን አይጨመርበት። «ቁስል ነው» የሚለው ታሪክ ከዚህ በኋላ ይብቃ።

ዜናው ከወጣ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ የሚያወራው ብዙ ነው፤ ጠያቂው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ። አንድ በር ጠባቂ ያስፈልጋችኋል፤ ለዚህ አክስትሽ ሳይሻሉ አይቀሩም። እናትሽን እንዲጠብቁ የነበራቸው ጉልበት ሁሉ እዚህ ላይ ይዋል። «የእኔ ባልደረባ እህትም እሱ ነበር የያዛት፣ ሦስት ወር አልቆየችም» የሚል እንግዳ አጋጥሞሽ አያውቅም? ያ ሰው ነው በሩ ላይ መመለስ ያለበት። «ጠንክሪ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ» የሚለውም ሲደጋገም ሸክም ነው። ታማሚዋ ደክማ ልታለቅስ ስትፈልግ የጀግንነት ሥራ ይጠብቃታል። «አይዞሽ» ግን ይባል፤ ሰምቶ ከጨረሰ ሰው አፍ ሲወጣ ያጽናናል። «ምን ላግዝሽ?» ከማለት ደግሞ «ሐሙስ ለደም ምርመራ እኔ ነኝ የምወስድሽ» ማለት ይሻላል። ታማሚ ሥራ ፈልጎ ማከፋፈል የለበትም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስለ ካንሰር ምንም አታውሩ። ኬሞ ላይ ያለ ሰውም ስለ ልጆች ጠብ፣ ስለ ተከታታይ ድራማ፣ ስለ ሰው ሠርግ ማማት ያምረዋል።

ትንንሽ ልጆች ቤት ካሉ ይቀፏቸው፣ ይሳሟቸው፤ ካንሰር በንክኪ አይተላለፍም። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ግን፣ ልጅም ቢሆን፣ እስኪሻለው አይጠጋ። ኬሞው በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሽንትና ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ መድኃኒቱ በዚያ በኩል ይወጣል።

ወንድምሽን ረስቼው አይደለም። ቅጠሉን በተመለከተ ቁጥር ልስጥሽ፣ እሱ የቁጥር ሰው ከሆነ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ያልተሠራጨ ካንሰር ኖሯቸው ሐኪም ያዘዘውን ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን፣ የተለመደውን ሕክምና ከወሰዱ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ከነበራቸው መካከል አማራጩን ብቻ የመረጡት የመሞት አደጋቸው ከአራት ተኩል እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። «መጀመሪያ እሱ ይሞከር» የሚለው ደግሞ ሰዓት ይበላል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ኬሞ ብዙ ሳይዘገይ፣ በተቻለ መጠን በሁለት ወር ውስጥ፣ እንዲጀመር ነው የሚፈለገው። እናትሽ አምስተኛው ሳምንት ላይ ናቸው። ከኬሞው ጎን ለጎን ልስጣት ካለም የሚሰጠውን ነገር ይዞ መጥቶ ለሐኪሙ ያሳይ። አንዳንድ ዕፅዋት ጉበት መድኃኒቱን የሚያስተናግድበትን ፍጥነት ይቀይራሉ፤ መድኃኒቱ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። ተደብቆ የሚሰጥ ነገር እንዳይኖር። በአንድ ቤት አንድ ምስጢር ከበቂ በላይ ነው። ደግሞ ወንድምሽን አትቆጪው፤ እሱም እናቱን ላለማጣት ነው የሚሯሯጠው። ቴርሞሜትር የመግዛቱንና ቁጥሩን የመመዝገቡን ሥራ ለእሱ ስጪው። እጁ ሥራ ሲያገኝ አፉ ይቀንሳል።

አንቺም ብትሆኚ የምታለቅሺበት ሰው ፈልጊ፤ እናትሽ ያልሆነ ሰው። የእሳቸው ጭንቀት ወደ አንቺ ይምጣ፣ የአንቺ ደግሞ ከበሽታው ራቅ ወዳለ ሰው ይሂድ። ወደ እሳቸው ተመልሶ እንዳይሄድ።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለሐኪሙ የምትጠይቂው ነገር አለ፤ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ እዚያ ስትደርሺ ይጠፋብሻል። የመድኃኒቶቹ ስም ምንድን ነው? ስድስቱ ወር የግድ ነው ወይስ ለእሷ ሦስት ወር ሊበቃ ይችላል? (ለአንዳንድ ታካሚዎች ይበቃል።) ለማቅለሽለሹ ምን ይታዘዛል? ቀድሞ ነው መወሰድ ያለበት፤ ማስታወክ ከጀመረ በኋላ ማቆም ይከብዳል። ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ የምንደውለው ቁጥር የትኛው ነው? ያን ቁጥር እናትሽም ስልካቸው ላይ ይያዙት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሪበት፦ ዕጢው በዘር የሚተላለፈውን ዓይነት ለመለየት ተመርምሯል ወይ? ውጤቱ ለሕክምናው ምርጫም ይጠቅማል፤ ለእናንተም ይጠቅማል። በዘር የሚተላለፍ ባይሆንም እንኳን፣ እናቱ ወይም እህቱ ከ60 ዓመት በፊት የአንጀት ካንሰር የያዛት ሰው ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ከውስጥ በሚያየው ምርመራ) እንዲታይ ብዙ መመሪያዎች ይመክራሉ። አንቺና ወንድምሽ ዕድሜያችሁን ቁጠሩ። አክስትሽም እህት ናቸው። ማንም ትንፍሽ አይበል ያሉት እሳቸው ራሳቸው፣ የእህታቸው በሽታ በስሙ ካልተጠራ፣ ለሐኪም «በቤተሰባችሁ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ሲባሉ ምን ሊመልሱ ነው? ቀጠሮውን አብራችሁ ያዙላቸው።